ዝንቧ ለእኔ ከወረቀቱ አልተነሣችም

ሐኪሙ ጠቆር ያለ መነጽር አጠለቁልኝና አንድ ትልቅ የዝንብ ፎቶግራፍ የታተመበት ጠንካራ ሰሌዳ ፊቴ ዘረጉ። «በይ ልጄ፣ ክንፎቿን በሁለት ጣትሽ ቆንጥጠሽ ያዣቸው» አሉኝ። የልጅ ጨዋታ መሰለኝ። ጣቶቼን ሰሌዳው ላይ አሳርፌ ክንፉ የታተመበትን ቦታ ቆነጠጥኩት። ሐኪሙ ምንም ሳይሉ መነጽሩን ከእኔ አውልቀው አብሮኝ ለመጣው የዘጠኝ ዓመት የእህቴ ልጅ አደረጉለት። ልጁ እጁን ሰደደ፤ ሰሌዳው ጋ ከመድረሱ በፊት፣ አራት ጣት ያህል ሲቀረው፣ ባዶ አየር ቆንጥጦ ያዘ። ከዚያ ደንግጦ እጁን ሰበሰበና «ቆማለች እኮ!» አለ። እኔ ያየሁት ወረቀት ላይ የተኛች ዝንብ ነው።

ያን ጊዜ 31 ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፍኩት ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። አነሣለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ አሳትማለሁ፣ በፍሬም እሰቅላለሁ። ወደ ሐኪም የሄድኩትም የመነጽሬን ቁጥር ለማስቀየር ብቻ ነበር። በምስል እንጀራዋን የምትበላ ሴት የምስልን ጥልቀት በሁለት ዓይኗ አይታ እንደማታውቅ በአንዲት ዝንብ ስትረዳ ምን ትላለች? እኔ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አልፏል፤ በእነዚህ ዓመታት ያወቅሁትን የምጽፈው እንደ እኔ ሳያውቁ ለሚኖሩ፣ ልጅ ለሚያሳድጉ፣ በተለይም ፎቶ ለሚያነሡና ሥዕል ለሚሥሉ ሰዎች ነው። ለኋለኞቹ የምነግራቸው ነገር ሐኪም ቤት አይገኝም።

ልጅ ሳለሁ ግራ ዓይኔ ወደ አፍንጫዬ ይሳብ ነበር። የሰፈር ልጆች «ሸውራራዋ» ይሉኝ ነበር፤ ቂም አልያዝኩም ብል ውሸት ነው። እናቴ ጠበል ወስዳኛለች፤ ጎረቤቶችም «ስታድግ ይለቃታል» እያሉ ያጽናኗት ነበር። በስምንት ዓመቴ መነጽር ተገዛልኝ። መነጽሩን ሳደርግ ዓይኔ ቀጥ አለ፤ ሁሉም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ነገሩ አለቀ ብለን ደመደምን። ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዱኝ ዓይኔ ተስተካክሏል፤ አንጎሌ ግን ግራ ዓይኔ የሚልክለትን ወሬ መስማት ካቆመ ቆይቷል። ሁለቱ ዓይኖች ወደተለያየ አቅጣጫ ሲያዩ ለሕፃን አንጎል ዓለም ሁለት ሆና ትታየዋለች። ከዚህ ግራ መጋባት የሚድነው አንዱን ዓይን ችላ በማለት ነው። ችላ የተባለው ዓይን ይሰንፋል፤ ሐኪሞች «ሰነፍ ዓይን» የሚሉትም ለዚህ ነው። ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ተመራማሪዎች የድመት ግልገሎችን ዓይን እንዲንሸዋረር በማድረግ፣ ከሁለቱም ዓይኖች መልእክት የሚቀበሉት የአንጎል ሕዋሶች በለጋ ዕድሜ እንዴት እንደሚከስሙ አሳይተዋል፤ በዕይታ ላይ ስላደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የእኔም ሕዋሶች በዚያው መንገድ ሄደው ይሆናል።

እኔ የጎደለኝን ነገር እናንተ ልታዩት ትችላላችሁ። አውራ ጣታችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ አንዱን ዓይን ጨፍኑ፤ ከዚያ ያንን ከፍታችሁ ሌላውን ጨፍኑ። ጣታችሁ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ዓይኖቻችን ከ6 ሴንቲ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ስለሚለያዩ እያንዳንዳቸው የሚያዩት ሥዕል ይለያያል፤ ቅርብ ያለው ነገር ብዙ ይዘላል፣ ሩቅ ያለው ጥቂት። አንጎል ይህችን ልዩነት ወደ ርቀት ይመነዝራታል። ይህን በግልጽ ያስረዳው እንግሊዛዊው ቻርለስ ዊትስቶን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1838 ሁለት መስተዋቶችን ጎን ለጎን አዘንብሎ አቆመና፣ በግራ ዓይንና በቀኝ ዓይን እንደሚታየው አድርጎ የሣላቸውን ሁለት ሥዕሎች ለየዓይኑ አሳየ። ጠፍጣፋዎቹ መስመሮች አየር ላይ እንደቆመ ዕቃ ሆነው ታዩ። ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በዓመቱ በ1839 ነውና፣ መሣሪያው ከፎቶግራፍ ቀድሞ መገኘቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከሐኪም ቤት እንደተመለስኩ ወደ ኋላ እያየሁ ብዙ ነገር ፈታሁ። ኳስ ሲወረወርልኝ እጄ ባዶ አየር ይጨብጥ ነበር። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ስሪዲ ፊልም እንይ ተብሎ በሄድኩበት ጊዜ ሰው ሁሉ ከሚወረወርበት ነገር ሲሸሽ እኔ ደብዘዝ ያለ ተራ ፊልም አይቼ፣ በዋጋው ተናድጄ ወጥቻለሁ። ከሁሉ የባሰው ግን ቡና ነው። የእናቴ እጅ ጀበናውን ከፍ አድርጎ እንደ ክር የቀጠነ ቡና ከሲኒ ሲኒ ያሻግራል፤ አንዲት ጠብታ ረከቦቱ ላይ አይወድቅም። እኔ ስቀዳ ግማሹ ከሲኒው ጎን ይፈስሳል። «ልብሽ የት ነው?» ትለኛለች። ልቤ እዚያው ነበር፤ የጀበናው አፍ ከሲኒው በላይ ይሁን ከሲኒው ኋላ የሚነግረኝ ግን አልነበረም። በመጨረሻ የጀበናውን አፍ የሲኒው ከንፈር ላይ አስነክቼ መቅዳት ለመድኩ፤ ለዚህም «ባለሙያ አይደለችም» ተብዬ ታምቻለሁ። እናቴ የዝንቧን ነገር ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ለዚያ ሁሉ ቁጣዬ ይቅር በይኝ» አለችኝ።

እንግዲህ መኪና እየመጣ መንገድ የምሻገረው፣ ደረጃ የምወርደው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከበሽታ ወሬ ወጥቶ ወደ ሙያዬ የሚገባው። ርቀትን የሚነግሩን የሁለቱ ዓይኖች ልዩነት ብቻ አይደለም። አንዱ ነገር ሌላውን ይሸፍናል፤ ሩቅ ያለው ያንሳል፤ የመንገዱ ጠርዞች እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ጥላ ይወድቃል፤ ተራራ በርቀት ሰማያዊ ይመስላል። እነዚህን ለማየት አንድ ዓይን ይበቃል። ደግሞም ራሳችንን ስናንቀሳቅስ ቅርቡ በፍጥነት፣ ሩቁ በዝግታ ይሄዳል፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆናችሁ የመንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ ሽው ብሎ ሲያልፍ ተራራው አብሯችሁ የሚጓዝ የሚመስለው ለዚህ ነው። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን «አክስቴ፣ ዕቃ ስታነሺ እንደ ዶሮ ራስሽን ለምን ታወዛውዢያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እስከዚያ ቀን ማወዛወዜን አላውቅም ነበር። ሁለተኛ ዓይኔ የማይነግረኝን አንገቴ ይነግረኝ ኖሯል።

አሁን ፎቶ አንሺዎች ጆሯችሁን ስጡኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሁለቱም ዓይናቸው ጤነኛ ነው፤ ሙሽሮችን ይዘው መናፈሻ ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ግን ከሙሽራዋ ራስ ላይ ዛፍ በቅሎ ይመጣል። የመብራት ምሰሶ ከሚዜው ትከሻ ይወጣል። የሙሽራው ጥቁር ካፖርት ከጥቁሩ ቁጥቋጦ ጋር ተጣብቆ ሰውየው ራስና እጅ ብቻ ይሆናል። «ስናነሣው እንዲህ አልነበረም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቦታው ላይ ቆመው ሲያዩ ሁለቱ ዓይኖቻቸው ዛፉን ከራሷ ነጥለው አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ያስቀምጡላቸዋል። ካሜራው ግን አንድ ዓይን ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይለጥፋቸዋል። እኔ እዚያው ቦታ ላይ ሆኜ ዛፉ ከራሷ ላይ በቅሎ ይታየኛል፤ ሁልጊዜ የማየው እንዲያ ነውና። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፎቶ ቤቱ ባለቤት «ጥሩ ዓይን አላት» ሲሉኝ የኖሩት በዚህ ምክንያት መሆኑን ሳውቅ ሁለተኛ ሳቅ ሳቅሁ።

ስለዚህ ከልቤ የምመክረው ይህን ነው፤ የካሜራውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ዓይን ጨፍኑ፣ ራሳችሁንም አታንቀሳቅሱ። ያኔ የሚቀረው ጥልቀት ፎቶው ላይ የሚቀረው ጥልቀት ነው። ያኔ የጠፋው ከፎቶውም ይጠፋል። ሠዓሊዎች ይህን ያውቁታል፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እርሳሳቸውን ዘርግተው ሲለኩ አይታችኋል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመታት በፊት ሥዕል የቱንም ያህል ቢዋጣለት በሁለት ዓይን የሚታየውን ያህል ጎልቶ ሊወጣ እንደማይችል ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች ሬምብራንት ራሱን በሣለባቸው ሥዕሎች ላይ የዓይኖቹን አቅጣጫ አጥንተው፣ ታላቁ ሠዓሊ እንደ እኔ ጥልቀት የማያይ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ሰንዝረዋል። ግምት ነው፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ተቀብየዋለሁ።

ብርሃን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንድ ደንበኛ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ አንሥቶ አምጥቶ፣ ለሳሎን ግድግዳ በትልቁ እንዲታተምለት ፈለገ። ያነሣው በቀትር ነው። ጣሪያው ከአካባቢው መሬት ጋር እኩል ሊባል በሚችል ከፍታ ላይ ስለሆነና ፀሐይዋ ከአናት ስለነበረች፣ ያ ከአለት የተፈለፈለ ድንቅ ሕንፃ መሬት ላይ የተሣለ መስቀል መስሏል። «ጉድጓዱ የት ሄደ?» አለኝ ሰውየው። በኮምፒውተር ያልሞከርኩት የለም፤ የሌለ ጥላ ግን ከየት ይመጣል? ሌላ ጊዜ ሄዶ ወደ ማታ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ አንዱ ግድግዳ በርቶ ሌላው ጥላ ውስጥ ሲገባ አነሣው፤ ጠርዙ ላይ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ቆመው ነበር። ጉድጓዱ ተመለሰ። የሰውን ቁመት ሁላችንም ስለምናውቅ እነዚያ ሰዎች እንደ ሜትር ሆነው የጉድጓዱን ጥልቀት ለኩልን።

ከዚሁ ጋር አንድ አስገራሚ ነገር አለ። አንጎላችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ አምኖ የተቀመጠ ነው፤ ፀሐይ ከእግር በታች ወጥታ አታውቅማ። ስለዚህ በድንጋይ ላይ ጎልቶ የተቀረጸ ጌጥ ከአንድ ወገን ብርሃን አርፎበት ስታነሡት ፎቶውን ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የወጣው ገብቶ፣ የገባው ወጥቶ ይታያል። ስለዚህ ቅርጽ የምታነሡ ከሆነ ብርሃኑ ከላይና ከጎን ይምጣ። በካሜራው ላይ ያለው ፍላሽ ደግሞ ፊት ለፊት እየመታ ጥላውን ሁሉ ከዕቃው ጀርባ ይደብቃል። የሰው ፊት እንደ ምጣድ የሚለጠጠው በእሱ ነው። መስኮት ካለ ፍላሽ አጥፉ።

ርቀትን በአየር ማሳየት ደግሞ ለአገራችን ተራሮች የተሰጠ ጸጋ ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ጠዋት ገደሉ አፋፍ ቆማችሁ ስታዩ የመጀመሪያው ሸንተረር ጥቁር አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ግራጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ የመጨረሻው ከሰማዩ የማይለይ ይሆናል። በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ይበልጥ ስለሚበትን ነው። በዚያ ርቀት ሁለት ዓይን ለማንም አይሠራም፤ 6 ሴንቲ ሜትር ለተራራ ምንም ማለት አይደለም። እዚያ ሁላችንም እኩል ነን። እኔ በዚያ ቦታ የተማርኩት አንድ ነገር ከፊት ለፊት ማስገባትን ነው፤ አንድ ጅብራ ወይም የድንጋይ ጫፍ ከግርጌ ካልገባ ተራሮቹ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላሉ። የዛሬ ስልኮች በራሳቸው ጭጋጉን «ያጠሩ» መስሏቸው የሩቁን ተራራ እንደ ቅርቡ ሲያጎሉት ግን እበሽቃለሁ፤ ሃያ ኪሎ ሜትር በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን «ጥልቀት አያውቁም» የሚል ሰው ሲገጥመኝም እከራከራለሁ። በእነሱ ዘንድ መጠን የሚሰጠው እንደ ክብር ነው፤ እመቤታችን ከሩቅም ከቅርብም ትልቅ ናት። ደጋጎቹ ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። በዚህ ሥርዓት እኔ ከየትኛው ወገን እንደምመደብ የእህቴ ባል ቀልዶብኛል።

ወደ ድፍረቴ ልመለስ። ከዝንቧ በኋላ አንድ እልህ ያዘኝ፤ ራሴ የማላየውን ስሪዲ ፎቶ ለሌሎች መሥራት አለብኝ አልኩ። መስማት የማይችል ሰው ሙዚቃ ሊጽፍ እንደተነሣ ቁጠሩት። ዓይኔ የእህቴ ልጅ ሆነ። ልዩ ካሜራ አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። አንዱን ፎቶ የሰውነታችሁን ክብደት በግራ እግር ላይ ጥላችሁ ታነሣላችሁ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ እግር ተዛውራችሁ ሁለተኛውን። ስልኩ ወደ ጎን ብቻ ይሄዳል፤ ከፍና ዝቅ አይል፣ ወደ ውስጥም አይዞር። ለሁለቱ ቦታዎች ርቀት የቆየ የባለሙያዎች መለኪያ አለ፤ በጣም ቅርብ ያለው ነገር ከካሜራው ያለውን ርቀት ለ30 አካፍሉ። ሁለት ሜትር ላይ ላለ ዕቃ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይመጣል፤ ልክ እንደ ዓይኖቻችን ማለት ነው። ቅርቡ ነገር 300 ሜትር ላይ ለሆነ ተራራ ግን 10 ሜትር ወደ ጎን መራመድ ይጠይቃል። ያን ስታደርጉ ተራራው ጥልቀት ያገኛል፤ ሆኖም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ሥራ ያህል ያነሰ ይመስላል፤ ዓይኖቹ 10 ሜትር የተራራቁ ግዙፍ ፍጡር የሚያየው እንደዚያ ነውና።

የመጀመሪያ ሥራዬ የእናቴ ረከቦት ነበር፤ ሲኒዎቹ፣ ጀበናው፣ ማጨሻው። ልጁ አይቶ «አክስቴ፣ ሲኒዎቹ ግድግዳው ውስጥ ገብተዋል፣ ግድግዳው ደግሞ ፊት መጥቷል» አለኝ። ግራና ቀኙን አቀያይሬ ኖሯል። አስተካከልኩት፤ «አሁን ልክ ነው፣ ጭሱ ግን ዓይኔን ያመኛል» አለ። የዕጣኑ ጭስ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ቅርጹን ስለሚቀይር አንጎሉ ሁለቱን ማጋጠም አቅቶት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር በሙሉ፣ ቅጠልም ሆነ ልጅ፣ በዚህ ዘዴ አይሆንም። በሦስተኛው ጊዜ ራስ ምታት አስያዝኩት፤ አንዱ ፎቶ ከሌላው ጥቂት ዝቅ ብሎ ነበር። ዓይኖቻችን ወደ ጎን ያለ ልዩነትን ይወዳሉ፣ የከፍታ ልዩነትን ግን አይታገሡም። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ቀጥ ባለ መደርደሪያ ጠርዝ ላይ አስደግፌ እያንሸራተትኩ አነሣለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ከፎቶው ጠርዝ የተቆረጠ ዕቃ ወደ ተመልካቹ እንዲወጣ አታድርጉ። ከመስኮት ወዲህ የወጣ ነገር በመስኮቱ ጠርዝ ሊቆረጥ አይችልምና አንጎል ይጣላል።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ ያለ መሣሪያ ማየት ይቻላል። የግራው በግራ፣ የቀኙ በቀኝ ከሆነ ዓይንን ሩቅ እንደሚያይ አላልቶ ማየት ነው፤ ለዚህ የሁለቱ ፎቶዎች መሐል ለመሐል ርቀት ከ6 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፣ ዓይን ወደ ውጭ መበርገድ አይችልም። ቦታቸውን ካቀያየራችኋቸው ደግሞ ዓይንን ወደ አፍንጫ በማቅረብ ይታያሉ። ሦስት ምስል ይሆናል፤ የመሐለኛው ነው ጥልቀት ያለው። ካልሆነላችሁ አትጨነቁ፤ ቀናት የሚፈጅበት ሰው አለ። ዓይን ሲደክም ማቆም ነው።

ለደንበኛ ግን ይህን ተለማመድ አይባልም። ስለዚህ ወደ ቀይና ውኃ ሰማያዊ መነጽር ዞርኩ። በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ከግራው ፎቶ ቀይ ቀለሙን ብቻ፣ ከቀኙ አረንጓዴና ሰማያዊውን ብቻ ወስዳችሁ ትደርባላችሁ፤ መነጽሩ በግራ ዓይን ቀይ፣ በቀኝ ውኃ ሰማያዊ ይሆናል። መነጽሩን ከካርቶንና ከስጦታ መጠቅለያ ሴሎፎን ቆርጬ ሠራሁት፤ አንድ ንብርብር ብርሃን ስለሚያሾልክ ሁለት ሦስት አድርጌ ደረብኩት። ከዚያ የአንዲት ሙሽራ ዘመድ የሐበሻ ቀሚሷን እንደለበሰች ቁጭ ብላ አነሣኋትና ሥራው አዋረደኝ። ጥለቱ ቀይ ነው። በቀይ መነጽር ሲታይ ቀይ ጥለት ከነጩ ሸማ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል፤ በሰማያዊው ደግሞ ጥቁር ይሆናል። አንዱ ዓይን «የለም»፣ ሌላው «አለ» እያሉ ሲከራከሩ ጥለቱ የሚብለጨለጭ እባብ መሰለ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለቱን ፎቶዎች መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ማድረግ። ቀለሙን ታጣላችሁ፤ የነጠላው እጥፋት ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል ብለውኛል። እኔ አላየሁትም።

ልጆች ላሏችሁ ደግሞ የምለው አጭር ነው፣ ግን አትለፉት። የተንሸዋረረ ዓይን ሲያድጉ አይለቅም። ከተወለደ ጥቂት ወራት ያለፈው ሕፃን ዓይኑ የሚዞር ከሆነ ሐኪም ይየው። ከዚያም የባሰው ዓይኑ ቀጥ ያለ፣ ግን አንዱ ሰነፍ የሆነ ልጅ ነው፤ ከውጭ ምንም አይታወቅም። የልጁን አንድ ዓይን በጨዋታ ሸፍኑለት፣ ከዚያ ሌላውን፤ አንዱ ሲሸፈን ዝም ብሎ ሌላው ሲሸፈን የሚያለቅስ ወይም እጃችሁን የሚገፋ ከሆነ እየነገራችሁ ነው። ራሱን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብልም እንዲሁ። ሕክምናው መነጽር፣ ጤነኛውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን ወይም በጠብታ ማደብዘዝ ሊሆን ይችላል፤ የሚሻለው ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት ሲጀመር ነው፣ ካለፈም ተስፋ አይቆረጥም። ከሙያዬ የማክለው አለ፤ በፍላሽ በተነሣ ፎቶ ላይ አንዱ ዓይን ቀይ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ሲመጣ እኛ ፎቶ ቤት በጥቁር እንሸፍነዋለን። አትሸፍኑት። የካሜራው አቅጣጫ ያመጣው ተራ ነጸብራቅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የዓይን ሞራ ወይም ዕጢ የሚገለጠው በዚሁ መልክ ስለሆነ ልጁን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም አሳዩት። ፎቶውንም ይዛችሁ ሂዱ።

ትልቅ ሰውስ? ሱዛን ባሪ የተባለች አሜሪካዊት የነርቭ ሳይንስ ሊቅ ከሕፃንነቷ የተንሸዋረረ ዓይን ይዛ አድጋ፣ ወደ ሃምሳ ዓመቷ ስትጠጋ በልምምድ ጥልቀት ማየት ጀምራለች። ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ። ሐኪሙን ጠየቅኋቸው፤ «ሞክሪ፣ ግን ቃል አልገባልሽም» አሉኝ። በሚሰጡኝ ልምምድ፣ ክር ላይ የተሰኩ ዶቃዎችን ከአንዱ ወደ አንዱ እያተኮርኩ፣ ስድስት ወር ሞከርኩ። የግራ ዓይኔ ትንሽ ነቃ፤ ጥልቀቱ አልመጣም። በራሳችሁ ከስልክ ላይ እያነበባችሁ አትጀምሩት፤ ችላ የተባለውን ዓይን ያለ ሐኪም መቀስቀስ ዕድሜ ልክ ሁሉን ነገር ሁለት አድርጎ ማየትን ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ልጁ 13 ዓመት ሞልቶታል። ባለፈው እሑድ ቡና እየፈላ ሳለ ስልኩን ይዞ መጣና «እንዳትንቀሳቀሺ፣ ዝም ብለሽ እዪ» አለኝ። ያን የመጀመሪያውን የረከቦት ፎቶ፣ ግራና ቀኙን፣ በሰከንድ ስድስት ሰባት ጊዜ እያፈራረቀ እንዲታይ አድርጎታል። ሁለቱን ያጋጠማቸው መሐል ባለችው ጀበና ላይ ስለሆነ ጀበናዋ ቦታዋን ይዛ፣ የፊቶቹ ሲኒዎች ወዲህ፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ ወዲያ ይወዛወዛሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በአንገቴ የማደርገውን ምስሉ ራሱ አደረገልኝ። ሲኒዎቹ ከጀበናዋ ተለዩ። በጀበናዋና በግድግዳው መካከል ክፍት ቦታ ነበር፤ እጅ የሚያስገባ። ባለ ሁለት ዓይኖቹ የሚያዩት ይኸው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሱም ነገረኝ። ቢሆንም አንድ ጊዜ ድገምልኝ አልኩት፣ ደግሞ ድገምልኝ አልኩት፣ ስልኩን ከእጁ ቀምቼ ወደ ብርሃኑ ዞርኩ። እናቴ ከጓዳ «ኧረ ቡናው ገነፈለ!» እስክትል ድረስ ምድጃው ላይ ያለውን ጀበና ረስቼው ነበር።